ባልሽ ተመልሷል

ጋሽ ስፖንጅን በዕድሜው የተስማማው መኪና አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የስፌት መኪና። ይህችን ቀልድ የፈጠረችው ነፍሷን ይማርና ሚስቱ ነበረች። እሱ ግን ሰምቷት ሳቀና በማግስቱ ጋራዥ ወስዶ የራሱ አደረጋት፤ ከዚያ ወዲህ ከየት አመጣሃት ብሎ የጠየቀው የለም። ሌላውማ፣ ጎማ ያለው ነገር ሁሉ ደመኛው ነው። ታክሲ ያመዋል፤ አውቶቡስ ያመዋል፤ ሊፍት ውስጥ ሲገባ እንኳ እሱ ሁለተኛ ፎቅ ሳይደርስ ጨጓራው አራተኛ ፎቅ ወጥቶ ይጠብቀዋል።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ይሄ ምኑም አይገርምም። መኪና የማይስማማው ሰው ሞልቷል። ጋሽ ስፖንጅ ግን የአውቶቡስ ወንበር ሰፊ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ፣ በአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ፣ ከመለዋወጫ መጋዘኑ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል፣ የተተረተረ ወንበር ሲሰፋ፣ የሟሸሸ ስፖንጅ አውጥቶ አዲስ ሲከት፣ በወፍራም ላስቲክ ላይ መርፌ ሲሰብር ኖሯል። ቅጽል ስሙም የመጣው ከዚያው ነው፤ ፀጉሩ ላይ የስፖንጅ ብናኝ ጠፍቶ አያውቅም ነበር። የቆመ አውቶቡስ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቢውል ምንም አይለውም። እንዲያውም ምሳ ሰዓት ላይ የኋላው ረጅም ወንበር ላይ ጋደም ብሎ ሸለብ ያደርገዋል። ሞተሩ የተነሳ እንደሆን ግን መቀሱን እንኳ ሳያነሳ ተንደርድሮ ይወርዳል። መካኒኮቹ ደግሞ ክፉዎች ናቸው፤ ሥራ ሲፈቱ ሆን ብለው ሞተር እያስነሱ ሲወርድ እያዩ ይስቁ ነበር።

እንግዲህ ይሄ ሰው ነው፣ በስልሳ ሰባት ዓመቱ፣ ጡረታ ወጥቶ፣ ሚስቱን ቀብሮ፣ ልጁ ቤት ገብቶ በሰላም በሚኖርበት ሰዓት፣ የሦስት ሰዓት መንገድ ተጉዤ መዝናኛ ፓርክ እሄዳለሁ ብሎ የተነሳው።

ነገሩን ያመጣችው የልጅ ልጁ ናት። ስምንት ዓመቷ ነው። ጠይቃ ስለማትጠግብ፣ የሰማችውንም ሁሉ ደብተር ላይ ስለምትጽፍ፣ እቤት ውስጥ «ጋዜጠኛዋ» ነው የምትባለው። ትምህርት ሲዘጋ የት እንውሰድሽ ሳትባል፣ አንድ ቀን እራት ላይ «ፓርክ ውሰዱኝ» አለች። የቱ ፓርክ ብሎ የጠየቃት የለም። ከተራራው ወዲያ ማዶ፣ ሐይቁ ዳር ያለው፣ ሰው ተሸክሞ ሰማይ የሚነካው ትልቁ ጎማ ያለበት ፓርክ ነው። ሌላ የለም።

እናቷ፣ የጋሽ ስፖንጅ አንድ ልጁ፣ ፋርማሲስት ናት። ባሏ ለሥራ ርቆ ስለሚኖር የቤቱን ጣጣ ሁሉ የምትይዘው እሷ ናት። ቁጥብ ሴት ናት፤ ቃልም እንደ ክኒን ቆጥራ ነው የምትሰጠው። «ፓርክ» የሚለውን ስትሰማ ሳህን ታጥብ ነበር፤ ማጠቧን ቀጠለች። ሳህኑ ሁሉ ካለቀ በኋላ እጇን እያደረቀች «እሺ። አባባ እቤት ይሆናል፣ እኛ ጠዋት ሄደን ማታ እንመጣለን» አለች።

«እኔም እሄዳለሁ» አለ ጋሽ ስፖንጅ።

«አባባ፣ መንገዱ እኮ ጠመዝማዛ ነው።»

«አውቀዋለሁ።»

«አዎ፣ ታውቀዋለህ» አለችና ፎጣውን ሰቅላ ወጣች።

ይህቺ «ታውቀዋለህ» ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ጋሽ ስፖንጅ ከየት እንደመጣች ያውቃል፤ ቢያንስ የሚያውቅ ይመስለው ነበር።

ያኔ ልጁ ሰባት ዓመቷ ነበር። ጋራዡ ለመጀመሪያም ለመጨረሻም ጊዜ ለጋስ ሆነና ሠራተኛውን ከነቤተሰቡ ፓርክ እወስዳለሁ አለ። አሁን ጋሽ ስፖንጅ ያን ሳምንት ሲያስበው ሆዱ ይባባል። ሚስቱ ለልጅቷ ከራሷ ቀሚስ ቆርጣ አዲስ ቀሚስ ስትሰፋ፣ በእሱው የስፌት መኪና፣ እሱ አጠገቧ ቆሞ «ክሩን አላላሽው» እያለ ሲጨቀጭቃት። ልጅቷ ከነጫማዋ ተኝታ ስትገኝ። ጎረቤት ሁሉ «መቼ ነው?» ሲላት ጣቷን ዘርግታ ስትቆጥር። ቤቱ አንዲት ክፍል ነበረች፤ አልጋውና የስፌት መኪናው ተጋፍተው የሚኖሩባት። ቢሆንም የዚያን ሳምንት ደስታ የያዘ ሌላ ቤት ከዚያ በኋላ አይቶ አያውቅም።

ለጉዞው የተመረጠው አውቶቡስ ደግሞ ወንበሩን ሁሉ እሱ በቅርቡ የቀየረው ነበር፤ አረንጓዴ ላስቲክ፣ ጠርዙ በነጭ የተከበበ፣ ገና አዲስ አዲስ የሚሸት። ጠዋት ሁሉም ሲሳፈር «ጋሽ ስፖንጅ፣ እጅህን ይባርከው» ይሉታል። እሱም ሎሚውን በኪሱ፣ ልጁን በጭኑ አድርጎ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጠ። ልጅቷ መንገዱን ሁሉ ዘፈነች። ለመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ እሱም አብሮ ዘፈነ።

ተራራው ሥር ሲደርሱ ላብ አጠመቀው። ምራቁ ሞላ። ወደ ላይ ወደ ላይ አለው። ሎሚውን ከነልጣጩ ነከሰው፣ አልሆነም። ከጀርባው የጋራዡ አለቃ ከነሚስቱ ተቀምጧል፤ በዚያ ላይ ወንበሩ የራሱ የእጁ ሥራ ነው። በገዛ እጄ በሰፋሁት ወንበር ላይማ አላደርገውም ብሎ ቆረጠ። መናኸሪያ ያላት ትንሽ ከተማ ሲደርሱ አስቁሞ ወረደ።

«እናንተ ሂዱ» አላት ሚስቱን። «ትንሽ አየር ልውሰድና በሚቀጥለው አውቶቡስ እከተላችኋለሁ።»

ሹፌሩ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘው ቁርስ የሚበሉበትን ሻይ ቤት ስልክ ጽፎ ሰጠው፤ «ሲሻልህ ደውልና ንገራት፣ እንዳትጨነቅ» ብሎ። ደግ ሰው ነበር። አውቶቡሱ ሲሄድ ልጅቷ በኋላው መስኮት ፊቷን ለጥፋ ታየው ነበር። ከዚያ ጋሽ ስፖንጅ መናኸሪያው ጓሮ ሄዶ አንጀቱ እስኪገለበጥ አስመለሰው። ነፍሱ መለስ ስትል ፊቱን ታጥቦ፣ መናኸሪያው ቢሮ ገብቶ ደወለ።

«ለወንበር ሰፊው ሚስት ንገሩልኝ» አለ። «አስመልሶኛል፤ አሁን ግን ቀሎኛል፤ በሚቀጥለው አውቶቡስ እደርሳለሁ።»

መስመሩ ይንኮሻኮሻል። የሻይ ቤቷ ባለቤት አንድ እጇ ስልክ ላይ፣ አንድ እጇ ብርጭቆ ላይ ናት። ቋንቋችን ደግሞ ጉደኛ ነው፤ ሆድ የገባለትን ሲመልስም፣ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስም ቃሉ አንድ ቤተሰብ ነው። ሁለት ፊደል መንገድ ላይ ከወደቀ በሽተኛው መንገደኛ ይሆናል። ሴትየዋ የደረሳት «መልሶኛል... አውቶቡስ...» የሚል ብቻ ነበር። ስልኩን ዘግታ በሩ ላይ ቆመችና ለተሳፋሪው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ «የወንበር ሰፊው ሚስት ማናት? ባልሽ ተመልሷል፤ በአውቶቡስ ተመልሷል» አለች።

ሚስቱ ክው አለች። ይሄ ሰው በእግሩ ተመልሷል ቢሏት ታምናለች፤ ደህና ሆኖ ሳለ ግን በፈቃዱ አውቶቡስ ተሳፍሮ አይመለስም። ተሳፍሮ ከተመለሰ ብሶበት፣ ሰው ተሸክሞት ነው። ልጅቷን እጇን ይዛ ከጉዞው ወረደች። ልጅቷ አለቀሰች፤ አለቃው ሳይቀር ለመናት፤ አልሰማችም። ወደ ኋላ የሚሄድ መኪና ለምና ተሳፈረች። እሱ በዚያው ሰዓት፣ በባዶ ሆዱ፣ ሎሚ እየላሰ፣ ወደ ፊት የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ነበር። በኋላ ሲያሰሉት፣ ተራራው መንገድ ላይ ተላልፈዋል።

ፓርኩ በር ሲደርስ የጋራዡ ሰዎች ነገሩት። መጀመሪያ ሳቁ፣ ፊቱን ሲያዩ ሳቁን ተዉት። አለቃው «ከመጣህማ ግባ፣ ምን ታደርገዋለህ» አለው። ጋሽ ስፖንጅ አልገባም አለ። ያለነሱ ምን ብዬ እገባለሁ ብሎ፣ በሩ ጎን ካለው የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጦ ትልቁ ጎማ ሲዞር እያየ ሦስት ሰዓት ጠበቀ። ሲመሽ ከባልደረቦቹ ጋር ተሳፈረ፤ ሁለት ጊዜ እያስቆመ ቤቱ ገባ።

ልጅቷ አልጋ ላይ ሆና ነቅታ ትጠብቀው ነበር። «አባባ፣ ትልቁ ጎማ ምን ይመስላል?» አለችው። እሱም፣ ምስኪን፣ ቢያንስ ወሬውን ላምጣላት ብሎ አጠገቧ ተቀምጦ ያየውን ሁሉ ነገራት። ወንበሮቹ ቀይና ቢጫ እንደሆኑ፤ ሲነሳ ቀስ፣ ከዚያ ፈጠን እንደሚል፤ ጫፍ ላይ ሲደርስ ለአፍታ ቆም እንደሚል፤ ሰው ሁሉ በፍርሃትና በደስታ እንደሚጮህ። እንዳማረ አድርጎ ነገራት። ልጅቷ እስኪጨርስ አዳመጠችውና «እሺ» ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። እንቅልፍ ወሰዳት ብሎ አሰበ። እንዲያውም ጥሩ አድርጌ አስተኛኋት ብሎ ደስ አለው።

ሚስቱ ነገሩን ለዘመናት ቀልድ አድርጋ ኖረችበት። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እኔ እቤት ቁጭ ብዬ ሬሳውን ስጠብቅ፣ እሱ ለካ ፓርክ ሄዶልሻል» ትላለች፤ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ገበያ ሄዶ ሲዘገይ «ባሌ ተመልሷል እንዴ?» ትላለች። ልጅቷ ይሄ ቀልድ ሲነሳ ተነስታ ውኃ ልትቀዳ ትሄድ ነበር። ጋሽ ስፖንጅ በመኪና ስለታመምኩባት፣ በኔ ምክንያት ስለቀረባት ተቀይማኛለች ብሎ ያስብ ነበር፤ ሕመም ደግሞ ይቅርታ የሚጠየቅበት ነገር አይደለም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው። ጋራዡም ከዚያ ወዲህ ማንንም የትም አልወሰደም።

ስለዚህ አሁን «እኔም እሄዳለሁ» ሲል የልጅ ልጁን ደስታ ብቻ ብሎ አልነበረም። ሰው ሳይሞት አንድ ጊዜ እንኳ ልጁን ይዞ እዚያ በር መግባት አለበት ብሎ ነው።

ልጁም፣ እንቢ አለማለቷን በራሷ መንገድ ገለጸች፤ እቅድ አወጣች። ማቀዝቀዣው በር ላይ በራሷ የጽሑፍ ዓይነት፣ ማለትም ሌላ ፋርማሲስት ብቻ በሚያነበው ፊደል ጽፋ ለጠፈችው። ክኒኑ ከመነሳታቸው ግማሽ ሰዓት በፊት፣ ደረቅ ዳቦ፣ ወተት ክልክል፣ ከፊት መቀመጥ፣ መስኮት መክፈት፣ ስልክ አለማየት፣ በየሠላሳ ደቂቃው መቆም። በዚያ ላይ ልምምድ አለ አለች።

ልምምዱ በየእሁዱ በልጁ መኪና ነበር። መጀመሪያ እስከ ዳቦ ቤቱ፣ ቀጥሎ ስታዲየሙን ዞሮ፣ ከዚያ እስከ ወንዙ ድልድይ። ጋዜጠኛዋ ከኋላ ተቀምጣ ትመዘግባለች። የሁለተኛው እሁድ መዝገብ እንዲህ ይላል፦ «ደቂቃ አሥራ አንድ፣ አያቴ መዝፈን አቆመ። ደቂቃ አሥራ ሦስት፣ አያቴ ስለ ኑዛዜው አወራ። ደቂቃ አሥራ አራት፣ ቆምን።»

በሦስተኛው እሁድ፣ ድልድዩ ሳይደርሱ ሲወርድ፣ ጋሽ ስፖንጅ ዘወር ብሎ የፊተኛውን ወንበር በእጁ ጫን ጫን አደረገው። ከዚያ በራሱ ተናደደ። ሠላሳ አራት ዓመት የሰው መቀመጫ ሲያስተካክል ኖሮ፣ የራሱ የተቀመጠበት ስፖንጅ መሞቱን ሳያይ ቀርቷል። ወንበሩ ሰጥሟል፤ ሲቀመጥበት የሚታየው ከፊቱ ያለው ዳሽቦርድ ነው እንጂ መንገዱ አይደለም። ሰው የሚሄድበትን ካላየ ለምን አያመው።

በማግስቱ ወንበሩን ነቅሎ ግቢው ውስጥ ዘረገፈው። ከሥር ጠንካራ ስፖንጅ አራት ጣት፣ ከላይ ለስላሳ ሁለት ጣት፤ ጠርዙን በቢላ ሲከረክም የድሮው ብናኝ ፀጉሩ ላይ አረፈ። ከጡረታ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት ሠርቶ አያውቅም። ጋዜጠኛዋ አጠገቡ ተንበርክካ ክር ታቀብለዋለች፤ ትጠይቃለችም።

«አያቴ፣ አንተ ስትወጣ ፈርተህ ነበር?»

«የት ስወጣ?»

«ትልቁ ጎማ ላይ ነዋ።»

«እኔ? ወጥቼ አላውቅም።»

ልጅቷ ደብተሯን ገለጥ አደረገች፤ እንደ ዳኛ። «እማዬ ነግራኛለች። አባቴ እኔን መንገድ ላይ ትቶኝ ብቻውን ሄዶ ወጣ፤ ወንበሩ ቀይና ቢጫ ነው፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ ይቆማል ብሎ ነገረኝ ብላለች። ጽፌዋለሁ።»

ጋሽ ስፖንጅ መርፌውን ወንበሩ ላይ ሰክቶ ተወው። የዚያ ሌሊት «እሺ» አሁን ገባው። ልጅቷ አልተኛችም ነበር። አባቷ እሷን ጥሎ ሲዝናና ውሎ፣ ያም አልበቃ ብሎት፣ አልጋዋ ድረስ መጥቶ ምን ያህል እንዳማረ የሚተርክላት መስሏት ነበር። የእናቷ ቀልድ ደግሞ በየዓመቱ ሲያጸናው ኖሯል። ሃያ ስድስት ዓመት።

ወንበሩን እንደተዘረገፈ ትቶ፣ ከነብናኙ ፋርማሲው ሄደ። ልጁ ነጭ ጋውኗን ለብሳ ለአንድ ሽማግሌ የጠብታ መድኃኒት ታስረዳለች፤ ከኋላቸው አራት ሰው ተሰልፏል። ጋሽ ስፖንጅ ተራ ያዘ። ተራው ሲደርስ ባንኮኒውን ተደግፎ «ያን ቀን አልገባሁም» አላት።

«የት?»

«ፓርኩ። በሩ ላይ ነበርኩ። ጎማው ላይ አልወጣሁም፣ ግቢውንም አልረገጥኩም። እናትሽ ታውቅ ነበር፤ አንቺ እንደማታውቂ ግን ሁለታችንም አላወቅንም።»

«ታዲያ ቀለሙን ለምን ነገርከኝ?»

«ደስ እንዲልሽ ነዋ።»

ከኋላ ያለችው ሴት ልጇን እያባበለች ጉሮሮዋን ጠራረገች። ፋርማሲስቷ ዓይኗን አወረደች፤ መሳቢያ ከፈተች፤ ከፍታም የምትፈልገውን ያጣች ይመስል ዘጋችው። ከዚያ የክኒን ማሸጊያ አውጥታ በፊቱ አስቀመጠችና «ቅዳሜ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንዷን ትውጣለህ» አለችው። ማመኗን አለማመኗን ሳያውቅ ወጣ። ለአራት ቀን ሁለቱም ነገሩን አላነሱትም። እሱ ግን ልቡ ተሰቅሎ ነው የሰነበተው፤ ቅዳሜ ተመልሰን እንደሆነ በቃ፣ ዳግም አታምነኝም እያለ።

ቅዳሜ አንድ ሰዓት ላይ ተነሱ። ወንበሩ ግሩም ሆኗል፤ ጋሽ ስፖንጅ እንደ ንጉሥ ከፍ ብሎ መንገዱን ሁሉ ያያል። ስታዲየሙን አለፉ። ድልድዩን አለፉ። ያቺን መናኸሪያ ያለባት ከተማም አለፏት፤ ጋዜጠኛዋ «አዲስ ሪከርድ» ብላ ጻፈች። ተራራው ግን ተራራ ነው። ስድስተኛው ጥምዝ ላይ «አቁሚ» አለ፤ ወርዶ ቦዩ ዳር አስመለሰው።

አፉን ተጉመጥሙጦ ሲጨርስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ከመኪናው ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «እናንተ ሂዱ» አለ። «ልጅቷን ቀን አታጥፊባት። እኔ ሲሻለኝ በሚያልፍ መኪና እከተላችኋለሁ።»

ልጁ ሞተሩን አጠፋች። ቁልፉን ነቅላ ኪሷ ከተተችና መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ይህን ንግግር እኔ አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ አይደገምም» አለች። «ስትችል እንሄዳለን። ሲያቅትህ እንቆማለን። ቢዘጋም ይዘጋ።»

ጋዜጠኛዋ ከመኪናው ውስጥ «ቢዘጋም?» አለች።

ብዙ ተቀመጡ። የጭነት መኪኖች እያቃሰቱ ያልፏቸዋል። ፋርማሲስቷ ደረቅ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችው፤ ዳቦውን ሳይሆን እሱን እያየች «ስንት ሰዓት ቆምክ በሩ ላይ?» አለችው።

«ሦስት ሰዓት ያህል።»

«ሦስት ሰዓት ምን ስትሠራ?»

«ስጠብቃችሁ። እናትሽን አውቃታለሁ፤ ቤት ገብታ ስታጣኝ ትዞር ይሆናል፣ እንደገና ይዛሽ ትመጣ ይሆናል እያልኩ። ከየመኪናው የሚወርደውን ሕፃን ሁሉ አየሁ።»

ከዚያ ያቺ ቁጥብ ሴት እጇን አንስታ ፀጉሩ ላይ የቀረውን የስፖንጅ ብናኝ አንድ በአንድ ለቀመችለት። «እኔ እኮ አባባ፣ ጠልቼህ ነበር» አለችው። «ትንሽ ነው። ግን ጠልቼህ ነበር።»

«ይገባሻል» አለ።

ከዚያ በኋላ መንገዱን ቆራርሰው ሄዱት። አሥር ደቂቃ ይነዳሉ፣ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣሉ። ሁለት ጊዜ ደግሞ አስመለሰው። ቁልቁለቱን ልጁ ከኋላ ያሉት መኪኖች እየጮሁባት በሰው እግር ፍጥነት ወረደችው። የሦስት ሰዓቱ መንገድ ዘጠኝ ሰዓት ፈጅቶ፣ ፓርኩ ሊዘጋ ሃምሳ ደቂቃ ሲቀረው ደረሱ። በሩ ላይ ጋሽ ስፖንጅ እግሩ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ልጁ በአንድ በኩል፣ የልጅ ልጁ በሌላ በኩል ይዘውት ገቡ። ጠባቂው «ልንዘጋ ነው እኮ» ቢላቸው፣ ፋርማሲስቷ «እናውቃለን» አለች።

ከየመጫወቻው ለመምረጥ ጊዜ አልነበረም፤ በቀጥታ ትልቁ ጎማ ጋ ሄዱ። ሰልፉ አጭር ነበር። ጋዜጠኛዋ ቀድማ ዘላ ተቀመጠች። እናቷ ልትገባ አንድ እግሯን አንስታ ቆመች፤ ወደ አባቷም ዞረች። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የሰው መድኃኒት የሚታመንባት ሴት ናት። አፍራ ወደ መሬት እያየች «አባባ፣ እዚሁ ቁም» አለችው። «ስዞር እንዳይህ።»

«እሺ» አለ።

ጎማው ተነሳ። መጀመሪያ ቀስ አለ፤ ከዚያ ፈጠን አለ። በመጀመሪያው ዙር ሁለቱ ሲያልፉ እጁን አነሳላቸው፤ ልጁ ከልጇ በላይ እየጮኸች እጇን አነሳች። በሁለተኛው ዙር ሰማዩም፣ ወንበሮቹም፣ ሐይቁም አብረው መዞር ጀመሩበት። ራሱን ዥው አደረገው፤ ምራቁ ሞላ። የብረት አጥሩን በሁለት እጁ ጨበጠ። በሦስተኛው ዙር ጉልበቱ ከዳው፤ ዓይኑን ግን ከዚያች ወንበር ላይ አልነቀለም።

አጠገቡ የቆመ ሰው ክንዱን ያዘው። «አባቴ፣ አዞረዎት መሰለኝ። ዞር ብለው ቁጭ ይበሉ፤ አይመልከቱት።»

«አልችልም» አለ ጋሽ ስፖንጅ፣ ወደ ላይ እያየ። «ልጄ እያየችኝ ነው።»